የፒካፑ ካሶኒ (የኋላ መጫኛው) ከጋቢናው ተለይቶ ይጨፍራል፤ በብየዳ ላስይዘው?

የጃናሞራው (ክሩን የከፈተ) · እሁድ ማታ

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ነገሩ ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ እስኪ ምከሩኝ።

መኪናዬ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ናት፤ 2.5 ናፍጣ፣ 2012 ሞዴል። ሥራዬ የሶላር የውሃ ፓምፕ መትከልና መጠገን ነው። በሳምንት ሁለቴ ከደባርቅ ተነስቼ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጌ፣ ቧሂትን ተሻግሬ መካነ ብርሃን እወርዳለሁ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ኮረኮንች ነው፤ ዳገቱ ላይ ደግሞ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ተሸብሽቧል።

ችግሩ ይኸውላችሁ። በስፔኪዮ ወደ ኋላ ሳይ ጋቢናው አንድ ነገር ይላል፣ ካሶኒው ሌላ። የካሶኒው ጠርዝ ከኋላ መስታወቱ አንጻር ብድግ ቁጭ ይላል። አንዳንዴማ ግራው ሲነሳ ቀኙ ይወርዳል። ከ30 እስከ 40 ስነዳ ይብሳል። ባዶ ስመለስ ደግሞ ጥርሴ ሁሉ ይንቀጫቀጫል። ሰሞኑን ከግራ በኩል «ቋ… ቋ» የሚል ድምፅ ተጨምሯል።

ያደረግኩት፦ የካሶኒውን ዳዶዎች በሙሉ አጠበቅኩ። አምና ባሌስትራው (ከኋላ ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ላይ በየጎኑ ሁለት ሁለት ፍሬ አስጨምሬያለሁ፤ ጭነት ሲበዛ ይቀመጥ ነበር። ለውጥ የለም። እንዲያውም ባሰ።

ትናንት አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «ካሶኒውን አራት ቦታ ከሻንሲው (ከሥር ካለው የመኪናው አጽም) ጋር እንበይደው፤ ለአንዴና ለመጨረሻ ትገላገላለህ» አሉኝ። እሺ ልል ስል ረዳቴ እጄን ያዘኝ። «ጃፓኖቹ በብሎን ያሰሩት ብየዳ አጥተው ነው?» አለኝ። እሱ ከሚለኝ እናንተ ንገሩኝ ብዬ ነው። ላስበይደው?

ድሬ_ልጅ

አቦ ተው! መኪናዋ እስክስታ ካማራት ተዋት ትምታ።

ጋሽ_ቁልፍ13

አታስበይድ። ረዳትህን ምሳ ጋብዘው።

ዝርዝሩን ማታ እጽፍልሃለሁ፤ አሁን እጄ ግራሶ ነው። እስከዚያው ሦስት ነገር መልስልኝ። አንደኛ፣ 2012 ያልከው በእኛ ነው በፈረንጅ? ሁለተኛ፣ ከባዱን ዕቃ የት ነው የምታስቀምጠው፣ ጋቢናው ጥግ ነው ወይስ የኋላ በሩ ጋ? ሦስተኛ፣ ካሶኒው ላይ ከፋብሪካው ያልመጣ ብረት አለ?

የጃናሞራው

ጋሼ፣ በፈረንጅ ነው። ጄኔሬተሩንና የመሣሪያ ሳጥኑን ለማውረድ እንዲቀለኝ በሩ ጋ ነው የማደርገው። ብረት ላሉት፣ ምንም የለም።

ጎሚስታው_ከአዘዞ

ንፋስ ስንት ነው የምትሞላው? ማንም ሳይጠይቅህ እኔ ልጠይቅህ።

የጃናሞራው

አራቱንም 45 ፒኤስአይ። ጎማ እንዳይቆረጥብኝ።

ጎሚስታው_ከአዘዞ

45?! ባዶ መኪና ላይ? ወንድሜ፣ ድንጋይ ጎማ አስረህ ነዋ የምትሄደው።

ሜሪላንድ_ፒካፕ

ከዚህ ከአሜሪካ ሰላም በሉኝ። የእኔን መኪና ስም አልጠራም እንጂ እኔም አይቼዋለሁ። የእኔ ደግሞ አስፋልት ላይ ነው። በኮንክሪት የተሠራ አውራ ጎዳና ላይ በየጥቂት ሜትሩ መጋጠሚያ አለ። የሆነ ፍጥነት ላይ ስደርስ ከኋላ አንድ ሰው ካሶኒውን በጉልበቱ የሚገፋው ነው የሚመስለኝ። ፍጥነቱን ስቀይር ይጠፋል።

እዚህ አገር ይሄ ጉዳይ የታወቀ ክርክር ነው። ፎርድ ከዓመታት በፊት ሲልቨር ክሪክ የሚባል የሙከራ መንገዱ ላይ የራሱንም የተወዳዳሪዎቹንም ፒካፖች እያስነዳ በቪዲዮ ቀርጾ ነበር። የቶዮታ ተንድራ ካሶኒ ከጋቢናው ተለይቶ ሲዘል ያየ ሁሉ ጉድ አለ። ግን ቪዲዮውን የሠራው ተወዳዳሪው መሆኑን አትርሱ! ከ2007 እስከ 2021 የነበረው ተንድራ ሻንሲው ከፊት የተዘጋ ሳጥን፣ ከመሃል ጀምሮ ደግሞ ጎኑ ክፍት የሆነ ነው። ክፍት ብረት ይጣመማል። ቶዮታም ሆን ብዬ ነው ይል ነበር። በ2022 ሞዴል ግን ሙሉውን ዘጋው፤ ከኋላም ባሌስትራውን ጥሎ ሞላ አስገባ። ካሶኒውንም ከላሜራ ወደ ፕላስቲክ ነክ ነገር ቀየረው።

የምለው፣ መንቀጥቀጡ ብቻውን መኪናህ ሊሞት ነው ማለት አይደለም።

ድሬ_ልጅ

የአሜሪካ አስፋልት ያስቸገረው ሰው ጃናሞራ ሊመክር መጣ 😂

ሜሪላንድ_ፒካፕ

ሳቅ። እኔ ያደግኩት ዳባት ነው። ኮረኮንች አታስተምረኝ።

ትንሿ_ኢንጂነር

ሰላም። መካኒካል ነው የተማርኩት፤ አሁን የምሠራው ግን ከመኪና ጋር አይገናኝም። ቢሆንም ይሄ ክር ስለሳበኝ ትንሽ ልበል።

ክፍትና ዝግ ብረት የተባለውን በእጃችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። አንድ ክንድ የሚሆን ሸምበቆ ውሰዱ። ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ እንደ እርጥብ ልብስ ጠምዝዙት። እምቢ ይላል። አሁን በቢላ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጎኑን ብቻ ሰንጥቁትና ድገሙት። ያው ሸምበቆ፣ ያው ክብደት፤ ግን እጃችሁ ላይ ይዞራል። የብረት ውፍረት ሳይቀየር አንድ ስንጥቅ ብቻ የመጠምዘዝ ጥንካሬውን በመቶዎች እጥፍ ሊጥለው ይችላል። ሲኖትራክ ወይም አይሱዙ ከኋላ ቆማችሁ ሻንሲውን እዩት። ክፍት ነው። ያ ስንፍና አይደለም። ከባድ መኪና ጎድጓዳ ሲገባ አንዱ ጎማ እንዳይንጠለጠል ሻንሲው ራሱ እንዲጣመም ተፈልጎ ነው።

በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ያለው ክፍተትም ለጌጥ አልተተወም። ሻንሲው ይጣመማል፤ ጋቢናው ጎሚኒ (የጎማ ትራስ) ላይ ስለተቀመጠ እሱም በራሱ ይወዛወዛል። ሁለቱ አንድ ላይ ቢሆኑ አንዱ ሌላውን ይቀድደው ነበር። የተለያዩት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ለምን ከ30 እስከ 40? እስኪ የሽብሽቡን ርቀት ለካልኝ። ከአንዱ ጉብታ አናት እስከ ቀጣዩ አናት ስንት ነው?

የጃናሞራው

በሜትር ለካሁ። ረዳቴ «ምን ጠፍቶህ ነው መሬት የምትለካው» እያለ። 68፣ 72፣ 70 ሳንቲም። ባጭሩ 70።

ትንሿ_ኢንጂነር

ጎበዝ። እንግዲህ ሒሳቡ ቀላል ነው። በ35 ስትነዳ በሰከንድ 9.7 ሜትር ትሄዳለህ። ለ0.7 ስታካፍለው በሰከንድ 14 ጊዜ ገደማ ትመታለህ ማለት ነው። የመኪና ጎማና አክስል ደግሞ በተፈጥሯቸው በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ መዝለል ይወዳሉ። መንገዱ የሚመታበትና ጎማው የሚዘልበት ምት ገጠመ። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅን በየምልሱ እንደመግፋት ነው፤ ትንሽ ግፊት ብዙ ያርቃል።

በ15 ብትነዳ በሰከንድ 6 ነው፤ ቀስ ብሎ ይወጣል ይወርዳል። በ60 ደግሞ 24 ገደማ ይሆናል፤ ጎማው ጉብታ ጉብታውን እየረገጠ ያልፋል፤ ለስለስ ያለ ይመስላል። ግን በዚያ ፍጥነት ጎማው መሬቱን በደንብ አይዝም። ፍሬን ስትይዝ ይንሸራተታል። ያንተ መንገድ ዳር ደግሞ ገደል ነው። ስለዚህ «ፍጠንና ይለፍልህ» የሚሉህን አትስማ።

በነገራችን ላይ ሽብሽቡን የሚሠሩት ከባድ መኪኖች ናቸው ይባላል። እንዲህ ብቻ አይደለም። በ2007 የካምብሪጅ፣ የቶሮንቶና የሊዮን ተመራማሪዎች ክብ የአሸዋ መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ጎማ እያዞሩ ሞክረውታል። ሞላም ሆነ ሾክ ሳያስፈልግ ሽብሽቡ ይወጣል። ከተወሰነ ዝቅተኛ ፍጥነት በታች ግን አይፈጠርም። ሁሉም ሰው ቀስ ብሎ ቢነዳ መንገዱ አይሸበሸብም ነበር ማለት ነው። ማን ሊነዳ!

ሪያድ_በረሃ

ወላሂ ልክ ናት። እኔ እዚህ ሳዑዲ የውሃ ታንከርና ፒካፕ ነው የምነዳው። አሸዋ ውስጥ ስንገባ ንፋስ እስከ 18 እናወርዳለን፤ አስፋልት ስንወጣ በኮምፕሬሰር እንሞላለን። ጠጠር ላይ ግን ያን ያህል አትውረድ፣ ቸርኬህ ይጎዳል።

ጎሚስታው_ከአዘዞ

ልክ ነህ፣ 18 ለድንጋይ አይሆንም። ለጃናሞራው የምለው፦ ጎማ የመጀመሪያው ሾክ ነው። ባዶ ስትሆን ፊትም ኋላም 28 አድርግ። ስትጭን ኋላውን 36 አድርሰው፤ ከዚያ በላይ ሙሉ ጭነት ከሆነ ሹፌር በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እይ። ንፋስ ስትቀንስ ደግሞ ፍጥነት ቀንስ። ዝቅ ባለ ንፋስ 80 መንዳት ጎማውን ያግለውና ያፈነዳዋል። መለኪያ ግዛ፤ በእግር ረግጦ መለካት ይቅር።

ጋሽ_ቁልፍ13

መጣሁ። ቡናዬን ይዣለሁ፤ ረጅም ነው።

በመጀመሪያ ስለ ባሌስትራው። ልጄ፣ የመጀመሪያው ጥፋትህ እሱ ነው። ጭነት ሲቀመጥብን ፍሬ ማስጨመር የአገር ልማድ ሆኗል። አራት በነበረው ላይ ሁለት ስትጨምር ባሌስትራው በግማሽ ያህል ደረቀ ማለት ነው። ግን ሻንሲው አልተጨመረበትም። ካሶኒው አልተጨመረበትም። ቀድሞ ባሌስትራው ይውጠው የነበረውን ምት አሁን የሚውጠው ማን ነው? ሻንሲው፣ የካሶኒው ብሎን፣ ያንተ ወገብ። ባዶ ስትሆን የባሰብህ ለዚህ ነው። ባሌስትራው አንድ ቶን እየጠበቀ አንተ ባዶ ትመጣበታለህ፤ አይታጠፍም። እንደ ዱላ ነው።

ሾኩስ? ፍሬ ሲጨመር ሾክ የሚቀይር የለም። ባሌስትራውን ወደ ኋላ ሲመለስ የሚይዘው ሾክ ነው፤ ለአራት ፍሬ የተሠራ ሾክ ስድስት ፍሬ አይይዝም። ኮረኮንቹ ላይ ግማሽ ሰዓት ነድተህ ቁምና ሾኩን በእጅህ ጀርባ ጠጋ ብለህ ሞክረው። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ውስጡ ያለው ዘይት አረፋ ሠርቷል፤ በዚያን ሰዓት ሾክ የለህም በለው።

ሁለተኛ፣ ጭነቱ። ደብል ጋቢና ላይ ካሶኒው አጭር ነው፤ አብዛኛው የሚያርፈው ደግሞ ከኋላ ጎማ ጀርባ ነው። ጄኔሬተር በሩ ጋ ስታስቀምጥ ሻንሲውን እንደ ሚዛን ክንድ ትጫነዋለህ። ኢንጂነሯ ሒሳቡን ታውጣው፣ እኔ ቁልፍ ነው የማውቀው።

ትንሿ_ኢንጂነር

እሺ ጋሼ። የሃይሉክስ ደብል ጋቢና ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 3,085 ሚሊ ሜትር ነው። 300 ኪሎ ከኋላ አክስል 1 ሜትር ጀርባ ቢቀመጥ፣ የኋላው አክስል የሚሸከመው 300 ሳይሆን 397 ኪሎ ነው። ትርፉ 97 ኪሎ ከፊት ጎማ ላይ ተነስቶ የመጣ ነው። መሪህ ዳገት ላይ አልቀለለህም?

የጃናሞራው

ቀሎኛል! ቧሂት ላይ መሪው እንደ ቅቤ ነው። ዘይቱን ቀይሬው ሁሉ ነበር።

ፖፖላሬ_77

ሁላችሁም ዙሪያውን ነው የምትዞሩት። ችግሩ መኪናው ኦሪጅናል ጃፓን አለመሆኑ ነው። የታይላንድና የደቡብ አፍሪካው ብረቱ ቀጭን ነው። የጃፓኑን 2012 ፈልገህ ግዛ፣ ትገላገላለህ።

ጋሽ_ቁልፍ13

ፖፖላሬ፣ የጃፓኑን 2012 ሃይሉክስ ካገኘኸው ሙዚየም አስገባው፤ የለምና። ከ2004 እና 2005 ወዲህ የወጣው ሃይሉክስ ጃፓን አልተሠራም። ቶዮታ ለጃፓኖች ራሳቸው ሃይሉክስ መሸጥ አቁሞ ነበር፤ በ2017 እንደገና ሲጀምር ያስገባው ከታይላንድ ነው። ሶማሌ ተራ ላይ «ይሄ የጃፓኑ ነው» ብሎ ዋጋ የሚጨምርብህ ሰው ሁሉ ሲስቅብህ ያመሻል።

ፖፖላሬ_77

እንዴት ነው ነገሩ፣ እኔ በዚህ ስም ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ።

ድሬ_ልጅ

ሶማሌ ተራ ላይ የፖፖላሬ ፎቶ ተለጥፏል፤ «የተወደዱ ደንበኛችን» 😂

ሜሪላንድ_ፒካፕ

ጋሼ፣ የዝገቱንም ነገር ጠይቁት እንጂ። እዚህ በክረምት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ሻንሲ ይበላል። በ2016 ቶዮታ ታኮማ፣ ተንድራና ሴኮያ ስለዛጉ ሻንሲዎች ክስ ነበረበት፤ ጥፋቱን ሳያምን 1.5 ሚሊዮን ገደማ መኪናን የሚመለከት፣ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር የተገመተ ስምምነት አድርጓል።

ጋሽ_ቁልፍ13

ደጋ ላይ ጨው የለም፤ ጭቃ ግን አለ። የሃይሉክስ ሻንሲ ብዙው ቦታ የተዘጋ ሳጥን ነው። በቀዳዳው የገባ ጭቃ እዚያው ይደርቃል፣ ክረምት እርጥበት ይይዛል። ስታሳጥብ ውሃውን ቀዳዳው ውስጥ ይክተቱበት፤ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ።

የጃናሞራው፣ አሁን ሥራህ ይሄ ነው። መኪናዋን ከሥር አሳጥብ፤ በደንብ። ይድረቅ። ባትሪ ይዘህ ግባ። በየካሶኒው ብሎን ዙሪያ እይ። የተሰነጠቀ ቦታ ላይ ቀይ የዝገት እንባ የመሰለ መስመር ታያለህ፤ ቀጭን ነው፣ ፀጉር ያህላል። ስታገኝ ፎቶ አንሳ። ለማንም በያጅ ከማሳየትህ በፊት እዚህ ለጥፍ።

ትንሿ_ኢንጂነር

አንድ ነገር ልጨምር። ዓይን ያታልላል፤ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ብትለካው ጥሩ ነው። እስክሪብቶ በፕላስተር ጋቢናው ጀርባ ላይ በአግድም እሰር፤ ጫፉ ወደ ካሶኒው ይሁን። ካሶኒው ላይ የጫማ ካርቶን ቁራጭ ለጥፍ። ጫፉ ካርቶኑን እንዲነካ አድርግ። ከዚያ ያችኑ መንገድ በ35 አንድ ኪሎ ሜትር ንዳ። የሚጽፍልህን መስመር በማስመሪያ ለካው።

የጃናሞራው · ሐሙስ

እሺ፣ ብዙ ነገር አለ።

እስክሪብቶው ጽፏል። የሕፃን ልጅ ጽሕፈት ነው የሚመስለው። ከላይ እስከ ታች 14 ሚሊ ሜትር። ባዶ ነበርኩ። ወደ ጎን ደግሞ 5 ገደማ።

ከሥር ገብቼ አየሁ። ሻንሲው ላይ ምንም የለም፤ ሁለት ጊዜ አየሁት። ግን ካሶኒው ሥር በአግድም ካሉት ላሜራ እግሮች የመጀመሪያው፣ በግራ በኩል ብሎኑ የሚገባበት ጋ፣ ቀይ መስመር አለ። አውራ ጣቴን ያህላል። ዳዶውን ስይዘው ጥብቅ ነው፤ ላሜራው ግን ብሎኑን ይዞ ይንቀሳቀሳል። «ቋ» የሚለው እሱ ነው።

ሌላም አለ። ዝናብ ስለጣለ ጋቢና ውስጥ ከጣሪያው ውሃ አገኘሁ። ጣሪያው ላይ ብረቱ የተቀመጠበት ጋ ቀለሙ ፈንድቷል። ይሄ ከካሶኒው ጋር ይገናኛል እንዴ?

ጋሽ_ቁልፍ13

የቱ ብረት?

የጃናሞራው

የሶላር ፓኔልና ቧንቧ የምጭንበት። ፖርቶመጋላ ነገር። ከፊት ጋቢናው ጣሪያ ላይ በብሎን ታስሯል፤ ከኋላ እግሮቹ ካሶኒው ላይ ተበይደዋል። ባለፈው ዓመት ነው ያሠራሁት፤ ባለ 4 ሳንቲም ቱቦላሬ ነው፤ ጠንካራ ነው።

ጋሽ_ቁልፍ13

የእግዚአብሔር ያለህ።

ልጄ፣ «ከፋብሪካው ያልመጣ ብረት አለ?» ብዬ ጠየቅኩህ። «ምንም የለም» አልከኝ!

የጃናሞራው

ጋሼ ይቅርታ፤ ካሶኒው ላይ ሲሉኝ ውስጡን መስሎኝ ነው። እሱን ከለመድኩት ቆይቼ መኪናው ራሱ ነው የሚመስለኝ።

ድሬ_ልጅ

በሽተኛው ለሐኪሙ፦ «ምንም አልበላሁም… ከበሬው በስተቀር።»

ትንሿ_ኢንጂነር

በቃ ይሄው ነዋ። ተንቀሳቅሰው እንዲኖሩ የተሠሩ ሁለት ነገሮችን በብረት ቱቦ አስረሃቸዋል። ካሶኒው 14 ሚሊ ሜትር ሲወጣና ሲወርድ ቱቦው አንዱን ጫፍ ጣሪያው ላይ፣ አንዱን ካሶኒው ላይ ያንቃል። ጣሪያው ቀጭን ላሜራ ስለሆነ ቀድሞ ተቀደደ። የካሶኒው እግር ቀጠለ። ካሶኒውን ከሻንሲው ጋር ብታስበይደው ኖሮ ሦስተኛው ተረኛ ሻንሲው ነበር።

ጋሽ_ቁልፍ13

ቆጣ ብዬ ከሆነ ይቅር በለኝ። ሥራው ይሄ ነው፤ በቅደም ተከተል አንብበው።

ፖርቶመጋላውን ከጋቢናው ፍታው። ዛሬ። አራቱም እግሮቹ ካሶኒው ላይ ብቻ ይቁሙ፤ ከጋቢናው ጣሪያ አራት ጣት ከፍ ይበል፣ ምንም አይንካ። ቧንቧው ረጅም ስለሆነ ከፊት ይወጣል፤ ይውጣ፤ ግን ጣሪያው ላይ አይረፍ።

ባሌስትራውን ወደ ፋብሪካው ቁጥር መልስ። ስትፈታ ዩ ቦልቶቹን (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን) አዲስ ግዛ፤ አንዴ የተሳበ ዩ ቦልት እንደገና አይታመንም። ካሰርክ በኋላ 500 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ድጋሚ አጥብቀው። ይሄንን የሚያደርግ ሰው አላየሁም፤ ከዚያ መሃል ቡሎኑ ተቆረጠ ብለው ይመጣሉ።

የተሰነጠቀው እግር ይበየዳል፣ አዎ። እኔ ብየዳ አልጠላም፤ ያለ ቦታው ነው የምጠላው። በያጁ እንዲህ ያድርግ። የስንጥቁ ጫፍ ላይ በ5 ሚሊ መሰርሰሪያ ይብሳ፤ ስንጥቁ እዚያ ይቆማል። ሳይበሳ ከበየደ ከብየዳው ሥር ሾልኮ ይቀጥላል። ከላዩ የሚለጥፈው ላሜራ ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ አይሁን፤ እንደ ቅጠል ሾጠጥ ይበል። ቀጥ ያለ ጫፍ ኃይሉን አንድ መስመር ላይ ይሰበስበውና ዳሩን ተከትሎ ይሰብረዋል። ባትሪውን ይፍታ። የናፍጣ ታንከሩንና የፍሬን ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍን። ከተቻለ ካሶኒውን አውርዶ ቢሠራው ደግሞ ይሻላል፤ አራት ጎረምሳ ያነሳዋል።

ጣሪያውን ለባትላሜራ (ለቦዲ ሠሪ) ስጠው።

ብሎኖቹን መልሰህ ስታስር ሮንዴላ አትርሳ። ካጠበቅክ በኋላ ከዳዶው እስከ ላሜራው በቀለም አንድ መስመር አስምር። መስመሩ ከተቆረጠ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፤ ቁልፍ ሳትይዝ በዓይንህ ታየዋለህ።

የጃናሞራው

ባለቤቴ የጥፍር ቀለም አላት፤ ይሆናል?

ጋሽ_ቁልፍ13

ይሆናል። ቀዩን ውሰድ፣ ጭቃ ላይ ይታያል።

የናፍጣ_ልጅ

እኔ እኮ ከሁሉም የገረመኝ ረዳቱ ነው። ስሙን ባትነግረንም ደመወዙን ጨምርለት።

የጃናሞራው · ከሁለት ሳምንት በኋላ

ተመለስኩ። የጠየቃችሁኝን በሙሉ አድርጌያለሁ፤ ከአንዱ በስተቀር። ፖርቶመጋላው ተፈቶ ካሶኒው ላይ ብቻ ቆመ። ባሌስትራው ተመለሰ፣ ዩ ቦልቶቹ አዲስ ናቸው። ካሶኒው ወርዶ ተበየደ። ሲወርድ ጉድ አየን፤ በቀኝ በኩልም ስንጥቅ ጀምሯል፣ እሱ ገና የጥፍር ያህል ነበር። ጄኔሬተሩ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ በሰንሰለት ታስሯል። ለማውረድ ያደክማል፤ ረዳቴ እያጉረመረመ ነው። ደመወዙም ገና ነው፣ ያ ነው አንዱ።

እስክሪብቶውን ደገምኩት። ያው ቦታ፣ ያው 35፣ ባዶ። 6 ሚሊ ሜትር። ካሶኒው አሁንም ይንቀሳቀሳል፤ በስፔኪዮ አየዋለሁ። «ቋ» የለም። ሰሞኑን ዝም ሲል ሬዲዮ እየሰማሁ ነው ቧሂትን የወጣሁት።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ሙሉ ስጭን ትንሽ ይቀመጣል። መብራቱ ሰማይ ነው የሚያየው።

ጋሽ_ቁልፍ13

ይቀመጣል እንጂ! ሊቀመጥ ነው የተሠራው። መብራቱን በተቆጣጣሪው ዝቅ አድርገው፤ ዳሽቦርዱ ላይ ትንሿ ተሽከርካሪ ቁልፍ አለች፣ ካለችህ። ታች ያለችውን ቀጥ ያለች ወፍራም ፍሬ እያት፤ እሷ የምትነካው ከባድ ጭነት ሲመጣ ብቻ ነው። እሷን ሁልጊዜ እየደበደባት ከሆነ ጭነትህን በሁለት ዙር አድርገው።

ሪያድ_በረሃ

ማሻአላህ። ሾኩንስ ነካኸው?

የጃናሞራው

ነካሁት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሞቅ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። የቀኙ ግን ዘይት አልቦታል፤ ደሞዝ ሲደርስ ሁለቱንም እቀይራለሁ።

ጎሚስታው_ከአዘዞ

እኔን ማንም አላመሰገነኝም። ንፋሱን ስንት ላይ ተውከው?

የጃናሞራው

ባዶ 28፣ ስጭን ኋላውን 36፣ እንዳልከው። መለኪያም ገዝቻለሁ። ትናንት ጨነቅ ላይ አንድ ሹፌር አስቁሞኝ «ጎማህ ጎድሏል» ብሎ ነገረኝ። አውቃለሁ ስለው ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ድሬ_ልጅ

የጥፍር ቀለሙ መስመርስ? ተቆርጧል?

የጃናሞራው

ሰባቱ ደህና ናቸው። ስምንተኛው፣ በሩ ጋ በቀኝ በኩል ያለው፣ ሁለት ሚሊ ዞሯል። ነገ ጠዋት ከሥር እገባለሁ።

ጋሽ_ቁልፍ13

ፈትተህ ጥርሱን እይ። የተላጨ ከሆነ ዳዶውን ብቻ አትቀይር፤ ቡሎኑንም ጭምር። ፎቶ ለጥፍ።